የሆዳን ምላስ እኔ ነበርኩ

ይሄን ነገር ከእኔና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴ አታውቅም፣ ባሌ አያውቅም፣ አብረውኝ የሠሩት ሴቶችም አያውቁም። ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረባት ሰው ራሷ አታውቅም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ፊታችሁን ስለማላየው ነው የምነግራችሁ፤ ፊታችሁን ባይ አፌ አይከፈትም ነበር። እንግዲህ ስሙኝ፣ ግን እንዳታባብሉኝ። "ልጅ ነበርሽ" እንዳትሉኝ። ምን ልጅ! ያገባሁ፣ የወለድኩ፣ ክፉና ደጉን የለየሁ ሴት ነበርኩ።

ነጂማ እባላለሁ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ተወልጄ መጋላ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ሐረሪ፣ እናቴ ኦሮሞ፣ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች። እኛ ሰፈር ቋንቋ ተምረነው ሳይሆን አብሮን አድጎ ነው። እናቴን በኦሮምኛ እመልስላትና ዞር ብዬ ጎረቤቷን በሶማሊኛ እሰድባለሁ፣ ከባለሱቁ ጋር ደግሞ በአማርኛ እከራከራለሁ። ትምህርት ቤት አማርኛ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ድርሰት ስጽፍ መምህሩ ተነስቶ ለክፍሉ ያነበው ነበር። ይሄን ለጉራ አይደለም የምነግራችሁ። ወንጀሌን የሠራሁት በዚሁ በአማርኛዬ ስለሆነ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ነበርኩ። የምንሰፋው የስፖርት ልብስ ነው። ስሙን የማልጠራው ትልቅ የውጭ ኩባንያ ያዛል፣ እኛ እንሰፋለን። አዛዡን "ባየር" ነበር የምንለው። ባየርን በዓይናችን አይተነው አናውቅም፣ ግን በየግድግዳው ላይ ነበር፤ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ማስታወቂያ። ሠራተኛ ይከበራል ይላል። ሠራተኛ ቅሬታውን ያለ ፍርሃት ይናገራል ይላል። ሻይ ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥን ላይ ሯጮች ያንን ልብስ ለብሰው ስናይ "ያቺን አንገትጌ የሰፋኋት እኔ ነኝ!" እያልን እንጯጯህ ነበር። እኔ አንገትጌ ላይ ነበርኩ። አንገትጌ ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ሆዳን ከባሏ ጋር ከጀልዴሳ መጥታ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ባሏ ባጃጅ ይነዳል። መጀመሪያ ሳያት ወደድኳት፣ አልዋሽም። ረጅም ናት፤ ሳቋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ሶማሌ ናት፤ ኦሮምኛ ትሰማለች፣ አማርኛዋ ግን የገበያ ነው፦ "ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ችግር የለም፣ ነገ ነይ።" በዚህችው ድሬን ሙሉ ትዞራለች። ሥራ ስትፈልግ ፋብሪካ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ከጎኔ አስቀምጬ ማሽኑን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መርፌው ጣቷን ሲወጋት ደሟን የጠረግኩላት እኔ ነኝ። አያችሁ? እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ። በሽታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሌላ ሰው ደግ ነገር ሠርቶ ይረሳል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ምስጋናዬን እጠብቅ ነበር።

ምስጋናውማ መጣ፣ ለእሷ። በገባች ብዙም ሳትቆይ ፋብሪካው ውስጥ የማይወዳት ጠፋ። ለሰው ሁሉ ስም ታወጣለች፤ ሌላው ሲያወጣለት የሚቆጣ ሰው እሷ ስታወጣለት ይስቃል። የመስመራችንን ሱፐርቫይዘር፣ ፊቱ ፈገግ ብሎ ስለማያውቅ፣ "ፍሪጅ" አለችው፤ ከዚያ ወዲያ በስሙ የጠራው የለም። ጠዋት ሰርቪስ ስንገባ "ሆዳን እዚህ! ሆዳን፣ እኔ ጋ ነይ!" ይባላል። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ከአንድ ግቢ ወጥተን፣ አንድ ቦታ ቆመን አብረን ጠብቀን፣ "ነጂማ ነይ" የሚለኝ የለም። ሳምቡሳ ይዛ የመጣች ለሆዳን ትሰጣለች፣ ሆዳን ከራሷ ቆርሳ ለእኔ።

እናቴ ደግሞ ባሰች። የገዛ እናቴ! በሩን ስከፍት "ሆዳንስ?" ትላለች፣ ደህና ዋልሽ እንኳ ሳትለኝ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "እኔስ?" አልኳት። "አንቺማ ፊትሽን ቋጥረሽ ነው የምትገቢው፤ እሷ ስትገባ ቤቱ ይደምቃል" አለችኝ። ለዒድ እጄ ላይ ሂና እየቀባችኝ ሆዳን ከደጅ ስትጠራት ግራ እጄን ሳትጨርስ ብድግ ብላ ሄደች። ዒዱን በግማሽ ሂና ዋልኩ። ትንሽ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ትንሽ ናት። ግን እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ሆዳን ምን አድርጋኝ ነበር? ምንም። ብታደርገኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! ብትሰድበኝ፣ ብታማኝ፣ አንዲት ክፉ ቃል ብታወጣ። እሷ ግን "አባዮ" ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ስትታጠብ የእኔንም ልብስ ጨምራ ታጥባለች። ይሄ ነበር የሚያቃጥለኝ። የምጠላበት ምክንያት ስላልሰጠችኝ ጠላኋት።

አሁን ስለ ታርጋው ልንገራችሁ። ፋብሪካችን ውስጥ እያንዳንዱ የስፌት መስመር አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ነበረው፤ በገመድ ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ አጠገብ ምስማር ላይ ትሰቀላለች። ሽንት ቤት የምትሄድ፣ ውኃ ልትጠጣ የምትነሳ፣ ያቺን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትወጣው። አንድ መስመር ሙሉ ሴት፣ አንዲት ሰሌዳ። እሷ እስክትመለስ ሌላዋ መነሳት አትችልም። "ታርጋ" አልናት፤ ያለ ታርጋ መንዳት ክልክል ነው እያልን እንስቅ ነበር። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ? በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የብረት ካውያው እንፋሎት ተጨምሮበት? እንዳንነሳ ብለን ውኃ መጠጣት ተውን። የባየር ሰዎች ይመጣሉ በተባለ ቀን ታርጋው ከምስማሩ ወርዶ መሳቢያ ይገባል። ፍሪጅ ደግሞ ቀደም ብሎ ሰብስቦ "ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሉ" እያለ ያስጠናናል።

ሚስኪ የምትባል ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ታርጋውን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ማሽኗ ላይ አመለጣት። ከፊቷ የነበረውን የተሰፋ ልብስ ስባ ጭኗ ላይ ሸፈነችበት። ልብስ አበላሸሽ ተብላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ያን ቀን ሆዳን ሻሿን ሳይቀር ከራሷ ላይ ፈትታ ለሚስኪ ወገቧ ላይ ጠመጠመችላት፣ አቅፋ አስነስታት በፍሪጅ ፊት ያለ ታርጋ ይዛት ወጣች። እኔ? እኔ አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን እሰፋ ነበር። ስለ ሚስኪ አዘንኩ ብል እዋሻለሁ። ምነው እኔ በተነሳሁ፣ ምነው የሚያዩት እኔን በሆነ እያልኩ ነበር።

ከዚያ ባየር አዲስ ደንብ አመጣ፤ ሠራተኞች በራሳቸው ተወካይ ይምረጡ፣ ተወካይዋም የባየር ሰዎች ሲመጡ አለቃ በሌለበት ለብቻዋ ታናግራቸው ተባለ። ይሄ ቦታ የእኔ ነው አልኩ። ሦስት ቋንቋ የምታውቅ ማን ናት? ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለች ማን ናት? መስተዋት ፊት ቆሜ የምናገረውን ተለማመድኩ፣ ለባሌ ሳይቀር ነገርኩት። ምርጫው ካፌ ውስጥ በምሳ ሰዓት ሆነ። "ማንን ትላላችሁ?" ሲባል ካፌው "ሆዳን!" ብሎ ጮኸ። የእኔን ስም የጠራች አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም ራሷ ሆዳን። "ነጂማ ትሁን እንጂ፣ እሷ ናት የምትችለው" አለች። ሳቁባት። የምትቀልድ መሰላቸው።

በእኔ ነው የተሳቀው። ይገባችኋል? አንዷ እንኳ "እውነቷን ነው" አላለችም። እጄን ለሆዳን አወጣሁ። እልል አልኩ፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ እልል ያልኩት። ሳምኳት። ጉንጯ ላይ ከንፈሬን እንዳደረግኩ በልቤ ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም፤ እሱን እንኳ ለራሴ ልተወው።

የባየር ሰዎች ሊመጡ ሲሉ ሴቶቹ መከሩ። ብዙ አንናገርም፣ አንድ ነገር ትናገር፣ የታርጋውን ነገር ተባለ። ሚስኪ እንዳቀረቀረች "የእኔንም ንገሪያቸው። ስሜን ጥሪ" አለቻት። ያቺ ዓይን አፋር ልጅ! ኀፍረቷን ለሆዳን አደራ ሰጠቻት። ሆዳን ደረቷን መታ አድርጋ "ወላሂ እነግራቸዋለሁ" አለች።

የመጡት ሁለት ነበሩ። አንዲት ፈረንጅ ሴትና አንድ መነጽር ያደረገ የአዲስ አበባ ልጅ። ቃለ መጠይቁ የፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ነበር፣ ከጆሮ ራቅ ስለሚል። ከጅግጅጋ ይመጣል የተባለው የሶማሊኛ አስተርጓሚ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ልስጣችሁ ቢላቸው እንቢ አሉ። ደንባችን አይፈቅድም፣ አስተርጓሚዋን ራሷ ትምረጥ፣ የምታምናትን ሰው ትጥራ አሉ። ጥሩ ደንብ ነበር፣ ምን ይወጣለታል! ልጁ መጀመሪያ በአማርኛ ትሞክር እንደሆነ ጠየቃት። "አቦ፣ አንተ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በተሰበረ አማርኛ አልናገርም" አለችው። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ልጁ ደንገጥ አለና ሳቀ። "ማንን ታምኛለሽ?" ሲላት ሳታስብ መለሰች። "ነጂማ። ነጂማ እህቴ ናት።"

ተጠርቼ ገባሁ። የሕመምተኛ አልጋው ላይ ሆዳንና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እነሱ ከፊታችን ወንበር ላይ። ሆዳን ጀመረች። በራሷ ቋንቋ ስትናገር ሰምቻት አውቃለሁ፣ ግን ያን ቀን ሌላ ሴት ነበረች። ሳቅ የለም፣ ቀልድ የለም። ታርጋውን ተናገረች። ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሄዳችሁ ሳቡት አለች። የሚስኪንም ነገር ተናገረች፣ ስሟን ጠራች፣ እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። ቃሏ ለእነሱ ገና አልደረሰም፣ ግን ፈረንጇ እጇን ዘርግታ የሆዳንን እጅ ያዘች። ልጁም ወደ እኔ ዞሮ "ደፋር ሴት ናት አይደል?" አለኝ።

እነሱም። ገና ቃሏን ሳይሰሙ እነሱም ወደዷት። እኔ እዚያው አልጋ ላይ ነኝ፣ ከጎኗ፣ አንድ ሰው አላየኝም። አሁን እኔ ቃሏን አቃንቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ታርጋው ይወርዳል፣ ሴቶቹ ለእሷ እልል ይላሉ፣ እናቴ ለእሷ ዱዓ ታደርጋለች አልኩ። እኔስ? እኔ በማን አፍ ልጠራ?

አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፦ "በሥራው ሁኔታ እርካታ እንደሚሰማት ትገልጻለች። ወደ መጸዳጃ ለመሄድ ገደብ አልተጣለብንም ነው የምትለው። አንዳንድ ሠራተኞች የሚያሰሙት ቅሬታ መሠረተ ቢስ እንደሆነ ትናገራለች።"

ቃላቱን ተመልከቱልኝ። "ችግር የለም" ብል ሆዳን ይገባት ነበር። "ሽንት ቤት" ብል ይገባት ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት አማርኛዬ መርጬ፣ ገበያ ወጥተው የማያውቁትን ቃላት አወጣሁ። እርካታ። መጸዳጃ። መሠረተ ቢስ። በቁጣ ከአፌ አመለጠኝ ልበል ብል እነዚህ ቃላት አይፈቅዱልኝም። አንድ በአንድ ለቅሜ ነው የተናገርኩት። መምህሬ ለክፍሉ ያነብልኝ በነበረው አማርኛ።

ልጁ ብዕሩን አቆመ። "ይሄን ሁሉ ያወራችው ይሄን ለማለት ነው?" አለኝ። ያኔ እንኳ በሩ ክፍት ነበር። ያኔ እንኳ "ቆይ፣ ተሳሳትኩ" ማለት እችል ነበር። "ወሬ ታበዛለች፣ ጠባይዋ ነው" አልኩት። ሳቀ። ለፈረንጇ ነገራት፣ እሷም ሳቀች። ሆዳን ሲስቁ አየችና፣ ነገሩ ደስ ያላቸው መስሏት፣ እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አራታችንም ሳቅን።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። "ሁሉንም ነገርሻቸው?" "ሁሉንም።" "የሚስኪንም?" "ወላሂ፣ የሚስኪንም።" በአላህ ስም ማልኩላት። ያገላበጥኩትን ቃል በዚያው ምላሴ በመሐላ አተምኩት።

ሳምንታት አልፈው ሥራ አስኪያጁ ሜዳ ላይ ሰበሰበን። ባየር ደስ ብሎታል አለ። ትእዛዝ ይጨመራል፣ አንዳንዶቻችሁ የምታናፍሱት ወሬም ውሸት መሆኑን እናንተው የመረጣችኋት ተወካይ መስክራለች አለ። ስም አልጠራም፣ መጥራትም አላስፈለገውም። ጭንቅላት ሁሉ ወደ ሆዳን ዞረ። እሷ ግማሹ አልገባትም፣ ፈገግ ብላ ወደ እኔ እያየች ነበር፤ እንድተረጉምላት ጠበቀች። ሚስኪ ሄዳ ፊቷ ቆመች። "በምን ሸጥሽን?" አለቻት በኦሮምኛ። ይሄ ገባት።

ጮኸች። "እኔ? እኔ ነግሬያቸዋለሁ! ነጂማ አለች፣ ነጂማ ንገሪያቸው!" ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። መላ ሕይወቴን እንዲያዩኝ የፈለግኳቸው ሴቶች፣ ያኔ ሁሉም አዩኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? "ዋሽታለች" አላልኩም። እሱን ብል ምናልባት አንዷ ትጠረጥር ነበር። ተነፈስኩና በአማርኛ "ተዉአት አቦ፣ ሰው አይደለች? ሰው ይሳሳታል" አልኩ። አዝኜ እንደምሸፍንላት ሆኜ። ከዚያ በላይ ምስክር አላስፈለጋቸውም። ሆዳን "ተዉአት" የምትለዋን ቃል ታውቃታለች። ተሟገትኩላት መስሏት እጄን ያዘችና አጥብቃ ጨመቀችው።

በማግሥቱ ሰርቪስ ውስጥ ማንም አልጠራትም። የተቀመጠችበት ወንበር አጠገብ ያለው ባዶ ሆኖ ሄደ። ገብቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ምን ዓይነት ልብ ያላት ናት ሲሉኝ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ይሄን ካልነገርኳችሁ ሌላውን መናገሬ ዋጋ የለውም። ሳምቡሳ መጣ፣ ለእኔ ተሰጠ፣ እኔ ቆርሼ ለሆዳን። አልበላችም። የምታወጣው ስም ቆመ፣ ሳቋ ቆመ፣ ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ተወች። "እየጠሉኝ እንዴት ልሥራ?" አለችኝ። ግቢውንም ለቀቁ፤ እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር የሚስኪ አክስት ደጇ ላይ እየተፋች ስታልፍ አላስቻላትም። እናቴ ወሬውን ሰምታ "እኔ አላምንም" አለች እስከ መጨረሻው። እሷ ብቻ።

ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ። ተወካይ ሆንኩ። ሁለተኛ ዙር የባየር ሰዎች ሲመጡ አናገርኳቸው። ስለ ታርጋው ምን ልበል? ብናገር የመጀመሪያው ቃል ይነሳል፣ ማን እንዳስተረጎመ ይጠየቃል። ስለ መብራትና ስለ ወንበር አወራኋቸው። ታርጋው እኔ ተወካይ ሳለሁ ተሰቅሎ ቆየ፤ የወረደው እኔ ከለቀቅኩ በኋላ፣ በሌሎች ሴቶች ጩኸት ነው። የአንድ ሴት ስም ብቻ አይደለም የበላሁት።

ይሄን ሁሉ ዋጥ አድርጌ ኖሬያለሁ፣ ኖሬም እቀጥል ነበር። ሆዳን ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ሳያት በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ባለፈው ግን ቤቴ ድረስ መጣች። ልጇ ታማባት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሟ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ናት፣ አማርኛ ብቻ ነው የምትችለው። "አባዮ፣ ነይልኝ" አለችኝ። "ሰፈሩ ሙሉ የሚያስተረጉም ሰው አለ አይደል?" አልኳት፣ ልሸሽ ፈልጌ። "የልጄን ነገር ለሌላ አፍ አልሰጥም" አለች።

ሄድኩ። ሆዳን ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ልጅቷ ምን እንደበላች፣ የት የት እንደሚያማት ተናገረች፤ እኔ አንዲት ቃል ሳልጥል፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ፣ ለሐኪሟ ተናገርኩ። ሐኪሟ ያለችውን መለስኩላት። ሁለቴ ሦስቴ ደጋግሜ "ገባሽ ወይ?" አልኳት። ሆዳን ሳቀችብኝ። "ምን ሆነሻል? አንቺ እኮ ተሳስተሽ አታውቂም" አለችኝ።

ከዚያ ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት የሰው ባጃጅ ውስጥ፣ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታ፣ ሆዳን ስለዚያ ጊዜ አንስታ የማታውቀውን አነሳች። "ያኔ አንቺ በትክክል ነግረሻቸው ነበር። ቃሌን የቀየሩት ፈረንጆቹ ናቸው፣ ለፋብሪካው ብለው። ሚስኪን ገበያ ባገኘኋት ቁጥር እነግራታለሁ፣ ነጂማ ምስክሬ ናት እላታለሁ። አታናግረኝም። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሄደሽ ትነግሪልኛለሽ አይደል?" አለችኝ። ባጃጁ የደቻቱን ወንዝ እየተሻገረ ነበር። አፌን ከፈትኩ። አሁን፣ አልኩ፣ አሁን ንገሪያት ነጂማ። "እዚህ ጋ አውርደኝ" አልኩት ባለባጃጁን።

እኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ባለቤቱ አውፍ ሳይል፣ ይቅር ሳይል አይነሳም። ብጾም፣ ብሰግድ፣ ሐጅ ብሄድ አይነሳም። ስለዚህ እናንተን ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የእናንተ አይደለም፣ ልትሰጡኝ አትችሉም። ይሄን የጻፍኩትም በአማርኛ ነው፣ ሆዳን በማታነበው። መናዘዝ ከሆነ በሶማሊኛ ነው፣ ለእሷ፣ ሚስኪ ቆማ እየሰማች። ለምን አልሄድም? ፈርታ ነው፣ አፍራ ነው ብላችሁ እንድታስቡልኝ እፈልግ ነበር። አይደለም። ሰው ሁሉ ሲወዳት ተቃጥዬ ስሟን ቀማኋት። አሁን የእሷ ፍቅር ቀረኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ "እህቴ ናት" ብሎ ሳያስብ የሚጠራኝ እሷ ብቻ ናት፣ ያንንም ለእውነት አሳልፌ መስጠት ሰሰትኩ። ያኔም ከእሷ የፈለግኩት ይሄንን ነበር፣ ዛሬም ይሄንኑ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።